የማንቼ ዕዳ የማን ዕዳ ነው?

ሰሞኑን ከሚደርሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ናቸው። ክለቡ ሲሸነፍ ደጋፊው ታሪክና ሒሳብ ማገላበጥ ይጀምራል መሰለኝ። ለማንኛውም ይህ ዓምድ ዛሬ ለእናንተ ይሁን፤ የአርሴ ልጆች ትንሽ ታገሱን። ዓመተ ምህረቱ የፈረንጆቹ ነው፣ የኛ ሲሆን እንናገራለን።

ጥያቄ፦ ከአርሴ ደጋፊ ወንድሜ ጋር በየሳምንቱ እንጨቃጨቃለን። እኔ ክለቡን ዕዳ ውስጥ የከተቱት ግሌዘሮች ናቸው እላለሁ። እሱ ደግሞ "ለአንቶኒ ያን ሁሉ ገንዘብ በትኑ ብሎ ማን አስገደዳችሁ?" ይለኛል። እስቲ ገላግሉን። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የማትግባቡት ስለ ሁለት የተለያየ ዕዳ ስለምታወሩ ነው።

አንደኛው የግዢ ዕዳ ነው። ማልኮም ግሌዘርና ልጆቹ በ2005 ክለቡን ሲጠቀልሉት ዋጋው ወደ 790 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። አብዛኛውን ከኪሳቸው አላወጡትም፣ ተበደሩት። ከተበደሩት ውስጥ ደግሞ ብዙውን እዚያው ክለቡ ላይ ጫኑት። አንድ ሰው የምትኖርበትን ግቢ በባንክ ብድር ገዝቶ "በሉ ብድሩን እናንተ ተከራዮቹ ክፈሉልኝ" ቢልህ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ክለቡ ይህ ነው የሚባል ዕዳ አልነበረበትም። በቤተሰቡ ስም የተያዘው የብድሩ ክፍል ደግሞ ወለዱ 14.25 በመቶ ነበር፣ አራጣ በለው። በ2010 ክለቡ 500 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የሚያወጣ ቦንድ (የብድር ሰነድ) ሸጠና የቀድሞውን የባንክ ብድር ዘጋበት። ዕዳ በዕዳ። ደጋፊው ለተቃውሞ አረንጓዴና ወርቃማ ስካርፍ ጠምጥሞ ኦልድትራፎርድ ስታዲየም መግባት የጀመረው ያኔ ነው። ቀለሙ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ ክለቡ በ1878 ኒውተን ሂዝ ተብሎ በባቡር ሠራተኞች ሲመሠረት የነበረው ማሊያ ነው።

ታዲያ ለምን ቶሎ አልታወቀንም? አሰልጣኙ ፈርጊ (አሌክስ ፈርጉሰን) ስለነበረ ነዋ! በ2007፣ 2008፣ 2009፣ 2011 እና 2013 ሊጉን በላ፣ በ2008 ሻምፒየንስ ሊጉንም ደረበበት። በየዓመቱ ዋንጫ እየመጣ ስለ ወለድ የሚያወራ ሰው ነገረኛ ነው የሚባለው።

ሁለተኛው የዝውውር ዕዳ ነው፣ እዚህ ላይ ወንድምህ እውነት አለው። አንቶኒ በ2022 ከአያክስ የመጣው በ95 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ውሉ የአምስት ዓመት ነበር። በሒሳብ መዝገብ ላይ 95ቱ በአንድ ጊዜ አይጻፍም፤ ለአምስት ይካፈልና በየዓመቱ 19 ሚሊዮን ወጪ ተብሎ ይያዛል፣ ልጁ ተጫወተ አልተጫወተ፣ ጎል አገባ አላገባ። በ2025 ለሪያል ቤቲስ ሲሸጥ የተመለሰው ወደ 22 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ቀሪውን አንተው አስላው። ጥሬ ገንዘቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ምክንያቱም ትልልቅ ክለቦች ተጫዋች የሚገዙት በአብዛኛው በየጊዜው ቆርጠው እየከፈሉ ነው። የክለቡ ከፊል ባለቤት ሰር ጂም ራትክሊፍ በ2025 ለቢቢሲ ሲናገሩ የአንቶኒ፣ የካሴሚሮ፣ የኦናና፣ የሆይሉንድና የሳንቾ ክፍያ ገና እንዳላለቀ ገልጸዋል። ሳንቾን አስበው እስቲ። ልጁ በ2024/25 ቼልሲ በውሰት ይጫወት ነበር፣ ማንቼ የደመወዙን ግማሽ ይሸፍን ነበር፣ የመግዣውም ዋጋ ገና ተከፍሎ አላለቀም ነበር። ይሄ በግሌዘር ብቻ የሚመካኝ አይደለም፣ የአሠራር ዝርክርክነት ነው።

ግን ለወንድምህ አንድ ነገር ጠይቅልኝ፦ አንቶኒን የገዙትን ሰዎች የቀጠራቸው ማን ሆነና? ደግሞ የአንቶኒ ገንዘብ ቢያንስ አንድ ልጅ አምጥቷል። የግሌዘሮቹ ብድር አንድ ተጫዋች አላመጣም፣ አንድ ወንበር እንኳ አላስጠገነም። በኔ እይታ የመጀመሪያው ይብሳል።

ጥያቄ፦ ልጆቹ "ማንቼን ወደ ሁለተኛው ሊግ ያወረደው ዴኒስ ሎው ነው" ሲሉ እሰማለሁ። እኔ በዘመኑ በሬዲዮ ስከታተል ነበርና አይመስለኝም። (ከደሴ፣ ጡረተኛ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ሎው 11 ዓመት ለማንቼ ተጫውቶ በ1973 ተለቀቀና የከተማው ባላንጣ ማንቸስተር ሲቲ ገባ። በሚያዝያ 1974 ኦልድትራፎርድ ላይ ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ገደማ ሲቀር ኳሷን በተረከዙ ነካት፣ ገባች። አልጨፈረም። ፊቱ እንደ ለቀስተኛ ሆኖ ተቀይሮ ወጣ፣ ደጋፊው ሜዳውን ወረረው፣ ጨዋታውም ሳያልቅ ተቋረጠ። ነገር ግን በዚያው ቀን ላለመውረድ ይታገል የነበረው በርሚንግሃም ስላሸነፈ ማንቼ ሲቲን ቢረታም መውረዱ አይቀርም ነበር። ደግሞም በዓመቱ ተመልሷል። ልጆቹ አሁንም ካልሰሙ የዚያን ዓመቱን የደረጃ ሰንጠረዥ ያሳዩዋቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሊቨርፑል ደጋፊ ነው፣ እኔ የማንቼ። ቤታችን ሰላም ያጣው ለምንድን ነው? ጠቡ ከየት መጣ? (ከሪያድ)

መልስ፦ የቤታችሁን አላውቅም እህቴ፣ የከተሞቹን ግን ልንገርሽ። የማንቸስተር ፋብሪካዎች ጥጥ የሚያስገቡትም ጨርቅ የሚልኩትም በሊቨርፑል ወደብ ነበር፣ ወደቡም ቀረጡን ሲያስከፍል አይራራም። ማንቸስተሮች በቃን አሉና ቦይ ቆፍረው መርከብ ከተማቸው ድረስ አስገቡ። ቦዩ በ1894 ተከፈተ። ማሊያሽ ላይ ካለው አርማ ውስጥ መርከብ አለች፣ ባሕር ለሌላት ከተማ መርከብ ምን ያደርግላታል ብለሽ ከሆነ መልሱ ይሄው ነው።

ኳሱ ላይ ያለው ጠብ ከዚህ ይልቅ የዋንጫ ቆጠራ ነው። በ1990 ሊቨር 18 የሊግ ዋንጫ ነበረው፣ ማንቼ 7 ብቻ። ፈርጊ 13 ጨምሮ 20 አደረሰው። ሊቨር በ2020 እና በ2025 ደገመና አሁን 20 ለ 20 ናቸው። ባልሽ ሲፎግርሽ ግን አንድ ነገር አስታውሺው፦ የማንቼ አባት የሚባለው ማት በዝቢ ተጫዋች እያለ ለሲቲም ለሊቨርፑልም ተጫውቷል። ባልሽ የሚመልስልሽን ደግሞ አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ኦልድትራፎርድ በ1910 ሲመረቅ የመጀመሪያውን ጨዋታ 4 ለ 3 ያሸነፈው ሊቨርፑል ነው።

ጥያቄ፦ ራትክሊፍ የሠራተኛ ምሳ ሳይቀር ቆረጡ የሚባለው እውነት ነው? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ እውነት ነው። በ2024 መጀመሪያ 27.7 በመቶ ድርሻ ገዝተው የኳሱን ሥራ ተረከቡ። ከዚያ 250 ያህል ሠራተኛ ተቀነሰ፣ በዓመቱ ደግሞ ሌላ እስከ 200 ሰው እንደሚቀነስ ተነገረ፣ ነጻ ምሳው ቀረ፣ የፈርጉሰን የአምባሳደርነት ክፍያም ተቋረጠ። ክለቡ በ2023/24 113 ሚሊዮን ፓውንድ ከስሯልና መቀነስ ነበረበት፣ እሺ። ግን የወለዱ ሒሳብ ብቻ በዓመት ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። ምግብ ቤት የምትሠራ እናት ምሳዋን ተነጥቃ ይሄ ሲከፈል ማየት ያናድዳል። እኔን ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ የኛ ክለቦች ዕዳ የለባቸውም። ከነሱ አንሻልም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ኧረ ተው! ዕዳ የሌለባቸው አበዳሪ ስለሌላቸው ነው። ፕሪሚየር ሊጋችን ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው የሚኖሩት። ስማቸው ራሱ ይናገራል፣ ንግድ ባንክ፣ መድን፣ ኤሌክትሪክ። በጀቱ ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፣ ደመወዝ ሲዘገይ ተጫዋቹ ልምምድ ያቆማል። የራሱ ደጋፊ ያለው ክለብ ስትል ጊዮርጊስና ቡና ቀድመው ይመጣሉ፣ ጊዮርጊስማ በኛ አቆጣጠር ከ1928 ጀምሮ አለ። እነሱም ቢሆኑ ከስታዲየም መግቢያ የሚያገኙት ወጪያቸውን አይሸፍንም። ማሊያቸው ላይ የጊዮርጊስ ቢራና የሐበሻ ቢራ ስም ለዓመታት የነበረው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ማንቼንም በ1902 በ2,670 ፓውንድ ዕዳ ሊፈርስ ሲል ያዳነው ጆን ሄንሪ ዴቪስ የቢራ ጠማቂ ነበር። አሁን የምንጠራበት ስም የወጣውም ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ዲያስፖራዎች ተሰባስበን አክሲዮን ብንገዛ ግሌዘሮችን ማስወጣት እንችላለን? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ አክሲዮኑን መግዛት ትችላላችሁ፣ ከ2012 ጀምሮ ኒውዮርክ ገበያ ላይ ይሸጣል። ማስወጣቱን ግን እርሱት። ገበያ ላይ ያለው አክሲዮን አንድ ድምፅ ሲኖረው የቤተሰቡ ልዩ አክሲዮን እያንዳንዱ 10 ድምፅ አለው። ለትርፍ ብላችሁ ካሰባችሁትም ክለቡ ከ2022 ወዲህ ለባለአክሲዮን ትርፍ አላከፋፈለም።