ክሊኒክ ውስጥ መራጭ ለምትመዘግቡ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ነርስ፣ «ተራ ለሚጠብቀው ሁሉ የመራጭነት ፎርም ብናድል ምን ይጎዳል?» አለችኝ። የሚጎዳ መሆኑን ስላየሁ ነው የምጽፍላችሁ።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በአንድ የማኅበረሰብ ክሊኒክ ስሠራ፣ ለስኳር ክትትል የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። እንጀራ እየጋገሩ ይሸጣሉ፤ ክኒናቸውን በመሐረብ ቋጥረው ነው የሚመጡት። ክሊኒክ የሰጣቸውን ወረቀት ሁሉ ፈርመው ይመልሳሉ፤ የኢንሹራንሱንም፣ የክትባቱንም። አንድ ቀን አንድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት የምርጫውን ፎርም ጨመረላቸው። «የአሜሪካ ዜጋ ነዎት?» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክቱን ያደረገው እሱ ራሱ ነው። ሴትዮዋ የያዙት ግን ግሪን ካርድ ነበር።

ነገሩ የወጣው ለዜግነት ሲያመለክቱ ነው። ማመልከቻው ለምርጫ ተመዝግበው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ደግሞ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ጠበቃቸው ማመልከቻውን እንዲተዉት መከራቸው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ አስፈራቸውና ክሊኒክ መምጣት አቆሙ። ስንደውል ልጃቸው፣ «እማዬ ተኝታለች» ይለናል። በኋላ ስንሰማ እግራቸው ቆስሏል።

ምዝገባው ይቅር ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የአሜሪካ የመራጮች ምዝገባ ሕግ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የመንግሥት የሕክምና ሽፋን) እና ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጋፍ) የሚሰጡ ቢሮዎች መራጭ የመመዝገብ ዕድል እንዲሰጡ ያስገድዳል። ዶክተር ጃክ ጋይገር ሚሲሲፒ ውስጥ ማውንድ ባዩ ላይ በ1960ዎቹ ባቋቋሙት ክሊኒክ ለተራበ ታካሚ ምግብ በማዘዣ ይጻፍለት ነበር፤ የማኅበረሰብ ክሊኒክ ድሮም ክኒን ለማደል ብቻ አልተከፈተም።

እናንተ ታብሌት ዘርግታችሁ ሰውን በቅጽበት ትመዘግባላችሁ፤ ፍጥነታችሁ ያስፈራኛል። «ወረቀትዎ ምንድን ነው?» ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁ፤ ክሊኒክ ውስጥ ይህ ጥያቄ ያስደነግጣል። «ይሄ ለሲቲዝን ብቻ ነው፤ ካልሆኑ አይሙሉት፤ ቢተዉትም ሕክምናዎን አይነካም» በሉና ጠብቁ። ሐኪም ክፍል ውስጥ ባታነሱት ይሻላል፤ እኔ ራሴ ግን ደም ግፊት እየለካሁ ስንቱን አስመዝግቤአለሁ።

እዚያው አጠገብ ታኮማ ፓርክ ደግሞ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ለከተማው ምርጫ ድምፅ ይሰጣል። ፎርሙ ግን ሌላ ነው፤ ከተማው ለብቻው ነው የሚመዘግባቸው። የዚያ ነዋሪ ከሆኑ ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ላኳቸው።