«ካሜራውን አንቺ ያዢ» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤታችን የሮቦቲክስ ቡድን ውስጥ የገባሁት ብሎን ማሰርና ሽቦ መቀጠል ልማር ብዬ ነበር። «ስልክሽ ጥሩ ነው» ተባልኩና ፎቶና ቪዲዮ አንሺ ሆኜ ቀረሁ። የማነሳው ፎቶ ሁሉ የተንቀጠቀጠ ነው። ቪዲዮው ላይ ደግሞ ጥቁር መስመር እየተንሸራተተ ያልፋል። በቀደም ውድድር ዋናው ጨዋታ ላይ ሚሞሪ ሞላብኝ። ልጆቹ «ቆይ፣ አንቺ ምን ስትሠሪ ነበር?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር የቡድኑ አባል የሆንኩ አይመስለኝም። ምን ይመክሩኛል?
ካሜራ ያዧ

መልስ፦ ልጄ፣ ሚሞሪ ሲሞላ የሚሰማውን ነገር እኔም ቀምሼዋለሁ። የእህቴ ልጅ እንዳንቺ ቡድን ውስጥ ነበር። «አጎቴ ካሜራ አለው» ብሎ ሳይጠይቀኝ አስመዘገበኝ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሰልፉን ቀረጽኩ፣ የዋንጫ ጠረጴዛውን ቀረጽኩ፣ የሚስቁ ልጆችን ቀረጽኩ። ፍጻሜው ሲጀመር ባትሪዬ አለቀ። እስካሁን ይነሳብኛል።

ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው። የሮቦታቸው ክንድ ዕቃ ሲያነሳ መሀል ላይ ቀጥ ይላል። አንዱ «ሞተሩ ነው» ይላል፣ ሌላው «ፕሮግራሙ ነው» ይላል። አሠልጣኙ ወደ እኔ ዞሮ «ቪዲዮ አለ አይደል?» አለኝ። ኮራ ብዬ አወጣሁ። 40 ደቂቃ ቀረጻ ነበረኝ። ሁሉም ከሩቅ፣ ሜዳው በሙሉ፣ ሮቦቷ ዝንብ አክላ። ምንም አይታይም! አንዲት ልጅ ግን ልምምድ ላይ ስልኳን ክንዱ አጠገብ አስጠግታ በስሎሞሽን የቀረጸችው ነበራት፤ 20 ሰከንድ ቢሆን ነው። ክንዱ ሲነሳ ካቴናው አንድ ጥርስ ዘሎ ሲያልፍ ቁልጭ ብሎ ታየ። ካቴናውን ወጠሩት፣ አለቀ። የእኔ 40 ደቂቃ የት ገባ? አላውቅም።

ስለዚህ ስልክሽ በስሎሞሽን በሰከንድ 120 ወይም 240 ፍሬም (ነጠላ ምስል) መቅረጽ ከቻለ፣ ትልቁ መሣሪያሽ እሱ ነው። አንድ ነገር አልሠራ ሲላቸው ጠጋ በይና ቅረጪ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ቢል አትጨነቂ፤ ይሄ ለውበት አይደለም።

ሁለተኛው ደግሞ ሮቦቱን ከመፍታታቸው በፊት ፎቶ ማንሳት ነው። ልጆቹ ካቻቪቴ ሲያነሱ ካየሽ ቀድመሽ ድረሺ። ሽቦው የቱ ጋ እንደተሰካ፣ የትኛው ብሎን የት እንደነበረ፣ ከላይም ከጎንም አንሺ። የተሰበረ ነገር ካለ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጪ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ከሳምንት በኋላ «ይሄ ቀዩ ሽቦ የት ነበር የገባው?» ብለው ወደ አንቺ ሲሮጡ ታያለሽ። ያኔ «ምን ስትሠሪ ነበር?» የሚልሽ የለም።

ለዳኞችም ቢሆን ይጠቅማል። ለምሳሌ ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ በሚባለው ውድድር ቡድኖች የሥራቸውን ሂደት የሚያሳይ ሰነድ ያቀርባሉ፤ ከሽፋኑ ውጪ ከ15 ገጽ አይበልጥም። በ15 ገጽ ውስጥ አውራ ጣት ወደ ላይ ያደረጉ ልጆች ፎቶ መደርደር ቦታ ማባከን ነው። የመጀመሪያው ክንድ፣ የተሰበረው ክንድ፣ የተስተካከለው ክንድ፤ ይሄ ግን ራሱ ይናገራል።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። አዳራሽ ውስጥ ብርሃን ስለሚያንስ ስልኩ ራሱ ሸተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ ያዘገየዋል፤ ሮቦቱ ደግሞ አይጠብቅም። ካሜራው ላይ ሁሉም በእጅ የሚስተካከልበትን ክፍል ክፈቺና ለፎቶ ሸተሩን 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ ፈጣን አድርጊው። ጨለም ካለ አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ አድርጊ። ፎቶው ትንሽ ይጎረብጣል፣ ይጎርብጥ። ከተደበዘዘ ይሻላል። ዙም በጣትሽ እየጎተትሽ አታሳድጂ፤ በእግርሽ ጠጋ በይ። ሮቦቱንም ተከትለሽ አትሩጪ። ነጥብ የሚያስቆጥርበት ቦታ ላይ ፎከስ አድርገሽ ጠብቂው፣ መምጣቱ አይቀርም።

ጥቁሩ መስመር የስልክሽ ብልሽት አይደለም፤ ከአምፖሎቹ ነው። የኤሌክትሪኩ ሞገድ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፣ 60 ኸርዝ ከሆነ 120 ጊዜ። ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። ለቪዲዮ ሸተሩን በመጀመሪያው 1/50 ወይም 1/100፣ በሁለተኛው 1/60 ወይም 1/120 ላይ አድርጊው። አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ ይጠፋል። በ1/500 የምታነሻቸው ፎቶዎች ላይ ግን ሊመለስ ይችላል፤ ደጋግመሽ አንሺና ንጹሑን ምረጪ።

ሚሞሪውን በተመለከተ፣ ባለ 4ኬ፣ ማለትም በጣም ጥራት ያለው፣ ቪዲዮ በአንዳንድ ስልክ በደቂቃ እስከ 350 ሜጋባይት ይበላል። ጥራቱን ወደ 1080 ዝቅ ብታደርጊው ከግማሽ በታች ይሆናል፣ ለእናንተም ይበቃል። ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ ባልኩሽ ውድድር ላይ አንድ ጨዋታ 30 ሰከንድ ሮቦቱ በራሱ ፕሮግራም የሚንቀሳቀስበት፣ ከዚያ 2 ደቂቃ ልጆቹ የሚነዱት ነው። እሱን ብቻ ቅረጪ። መጠበቂያውን ሰዓት አትቅረጪ። ማታ ማታ ወደ ኮምፒውተር ገልብጪና የጨዋታውን ቁጥር ጻፊበት። «ቪዲዮ የመጨረሻ አዲስ 2» የሚል ፋይል ማንንም አይረዳም፤ እኔ ጋ ሦስት አሉ።

ፍላሽ አጥፊ። አንዳንድ ሮቦቶች በካሜራ ነው የሚያዩት፣ ሜዳው ላይ የተለጠፉ ጥቁርና ነጭ ምልክቶችን እያነበቡ። ብልጭታሽ ሮቦቱን ባያሳስት ነጂውን ያሳስተዋል። የስልክሽን ሆትስፖትም አትክፈቺ። ሮቦቶቹ በገመድ አልባ ግንኙነት ስለሚታዘዙ በፈርስት ውድድሮች ቡድን የራሱን ዋይፋይ መክፈት ክልክል ነው። መጠገኛው ቦታ ስትገቢ መከላከያ መነጽር አድርጊ፤ ካሜራ ዓይንሽን አይሸፍንልሽም።

አንድ ነገር ላክል። የምታነሻቸው ልጆች ናቸው። ወላጆች መፍቀዳቸውን መምህራችሁን ሳትጠይቂ የትም አትለጥፊ። ተሸንፎ የሚያለቅስ ልጅ ካየሽ ስልኩን ዝቅ አድርጊው።

ሽቦ መቀጠሉንም አትተዪው። ጥሩ ስልክ ያለው ሰው ብሎን አይነካም የሚል ሕግ የለም። ለመምህራችሁ ንገሪያቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን ስልኩን ለሌላ ልጅ ስጪና አንቺ ካቻቪቴውን ያዢ። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት ፎቶ ውስጥ ያለሁት በአንዱ ብቻ ነው። እሱም ላይ የሚታየው ጀርባዬ ነው።