ሰንጠረዥ ወይስ ዲቭ? ጎግል የሚያየው ምኑን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና በጣና ደሴቶች ወዳሉት ገዳማት እንግዳ በጀልባ እናደርሳለን። ድረ ገጻችን ከተሠራ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አንድ ባለሙያ አይቶት «ገጹ የተዋቀረው በሰንጠረዥ ነው፤ ጎግል ሰንጠረዥ አይወድም። በዲቭና በሲኤስኤስ ከታደሰ አንደኛው ገጽ ላይ ትወጣላችሁ» አለን። እውነት ነው ወይ? ወጪው ቀላል አይደለም።

መልስ፦ ሰንጠረዥ (ቴብል) ገጹን በረድፍና በዓምድ ይከፍላል፤ ዲቭ በገጹ ኮድ ውስጥ ያለ ባዶ ሳጥን ነው፣ ሲኤስኤስ ደግሞ የሳጥኑን ቦታና መልክ የሚወስን ኮድ። ማደሱ ሊጠቅማችሁ ይችላል። የተሰጣችሁ ምክንያት ግን ልክ አይደለም። ጎግል ገጹ በቴብል ይዋቀር በዲቭ፣ ሳጥኖቹ በፍሎት ይደርደሩ በግሪድ (ሁለቱም የሲኤስኤስ አደራደሮች ናቸው)፣ ለዚያ ብሎ ደረጃ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ጎግልቦት፣ ማለትም ገጾችን እየዞረ የሚያነበው የጎግል ፕሮግራም፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ገጹን በየጊዜው በሚታደስ የክሮም ሞተር ይከፍታል፤ ሲኤስኤሱንና ጃቫስክሪፕቱን (ገጹን የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ) አስኬዶም እንደ ሰው አሳሽ ያየዋል። «አንደኛ ገጽ» የሚለውን ተስፋ ደግሞ ውል ላይ አስፍርልን በሉት፤ አይፈርምም።

ሰንጠረዡ የሚጎዳችሁ ስልክ ላይ ነው። ጎግል ለፍለጋ መዝገቡ የሚወስደው የገጹን የስልክ መልክ ነው። ቀደም ሲል የተሠሩ የሰንጠረዥ ገጾች ብዙውን ጊዜ ስፋታቸው በፒክስል የታሰረ ነው፤ 900 ወይም 960። ገጹ የስልኩን ስፋት እንዲይዝ የሚያዝዘው፣ ቪውፖርት የሚባለው የኮድ መስመር ከሌለ ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ 360 ገደማ በሆነ ስክሪን ላይ ያጨናንቀዋል፤ ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ ይሆናል። መስመሩን ብቻ ብትጨምሩ ደግሞ ፊደሉ ያድግና ገጹ ወደ ጎን ይፈስሳል፤ ሦስቱ ዓምዶች በራሳቸው አይታጠፉምና።

ይህን ለማቃናት ሁሉንም ማፍረስ አያስፈልግም። ለውጭኛው ሰንጠረዥ ብቻ የክላስ ስም (ሲኤስኤሱ የሚለይበት መጠሪያ) ስጡት። በሲኤስኤስ ከ600 ፒክስል በታች ለሆነ ስክሪን ሰንጠረዡ፣ ረድፎቹና የእሱ ክፍሎች ማሳያቸው «ብሎክ» (አንዱ ከሌላው በታች የሚወርድ)፣ ስፋታቸው «ኦቶ» (ከስክሪኑ ጋር የሚስማማ) ይሁን። በየክፍሉ ኮድ ውስጥ «ስታይል» በሚል የተጻፈ ስፋት ካለ ግን መጀመሪያ ሰርዙት፤ አለዚያ ያሸንፋችኋል። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ዓምዶቹ በኮዱ ቅደም ተከተል ነው የሚደረደሩት። የግራው ዓምድ ሃያ ሊንክ ያለው ሜኑ ከሆነ፣ እንግዳው ስለ ጀልባው ከማንበቡ በፊት ሃያውን ሊንክ ይወርዳል። ሜኑው ከጽሑፉ በታች ይዙር ወይም በአዝራር ይታጠፍ። ማየት ለተሳናቸው በድምፅ የሚያነበው መሣሪያም የሚከተለው ያንኑ ቅደም ተከተል ነው።

የመነሻ ሰዓት፣ የጉዞ ርዝመትና ዋጋ የያዘው ሰንጠረዥ ግን ሰንጠረዥ ሆኖ ይቆይ። ሰንጠረዥ የተፈጠረው ለእሱ ነው፤ በዲቭ መበታተን ሙያ አይደለም።

ፍጥነትም አለ። ጎግል ደህና የሚለው ትልቁ የገጹ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ፣ ገጹ ሲነካ ምላሹ ከ200 ሚሊ ሰከንድ ሳያልፍ፣ የገጹ መንሸራተት (ሲከፈት ጽሑፉ ከቦታው መዝለሉ) መለኪያም ከ0.1 ሳይበልጥ ነው፤ ይህም ከአራት ጉብኝት በሦስቱ። እነዚህ መለኪያዎች በደረጃው ላይ ይቆጠራሉ፤ ጉዳዩን በሚገባ የሚመልስን ጽሑፍ ግን አይተኩም። ከዲቭና ከቴብል ይልቅ እዚህ ላይ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ከላይ የተሰቀለው የጢስ ዓባይ ፎቶ ነው፦ ከካሜራ እንደወጣ፣ 4 ሜጋባይት። ወደ 1200 ፒክስል ስፋት አሳንሱት፣ ዌብፒ በሚባለው ቀላል የምስል ዓይነት አስቀምጡት፤ ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይወርዳል። ስፋቱንና ቁመቱን በኮዱ ጻፉ፤ ካልተጻፈ ፎቶው ሲደርስ ጽሑፉን ወደታች ይገፋዋል። «ሌዚ» የሚለውን፣ ፎቶው እስኪደረስበት መጫኑን የሚያዘገይ የኮድ ቃል ለታችኞቹ ፎቶዎች እንጂ ለመጀመሪያው አትስጡት።

አሁንም ሙሉ በሙሉ ይታደስ ካላችሁ፣ ደረጃ የሚወድቀው በዲቩ ሳይሆን በርክክቡ ነው። አዲሱ ገጽ አድራሻው ከተለወጠ፣ እያንዳንዱ የድሮ አድራሻ በ301 («ለዘለቄታው ተዛውሯል» በሚለው ምልክት) ወደ አቻው ይመራ፤ ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ መላክ አይበቃም። ምሪቱም ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆይ። በሙከራ ጊዜ የተለጠፈ «ኖኢንዴክስ» (ገጹን አትመዝግብ የሚል ትእዛዝ) ተረስቶ ከቀረ ገጹ ከፍለጋ ይጠፋል። ጎግልቦት ምን እንዳያነብ የሚነግረው፣ ሮቦትስ የተባለው ፋይል ሲኤስኤሱን ከከለከለም ጎግል የሚያየው የተበተነ ገጽ ይሆናል። በሰርች ኮንሶል (ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው መሣሪያ) አድራሻውን መርምሩና ጎግል ያየውን ምስል ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ የእንግዳ ማረፊያችን የአማርኛ ገጽ ስሙን በትክክል ጽፈን ብንፈልገውም አይወጣም። እንግሊዝኛው ይወጣል። ኮዱ አንድ ዓይነት ነው።

መልስ፦ ኮዱን ተዉትና ፊደሉን መርምሩ። ከገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድታችሁ በስልክ መልእክት ላይ ለጥፉ። የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከመጣ ጽሑፉ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ነው። እነሱ የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ነበር። ዓይን አማርኛ ያያል፣ ጎግል ዝብርቅርቁን ያነባል። ግዕዝ በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ጽሑፉን በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ አዙሩና ቃል በቃል አርሙት።

ጨርሶ መቅዳት ካልቻላችሁ ደግሞ ጽሑፉ ምስል ነው። ፎንቱ ስልክ ላይ አልታይ ሲል ሰው የሚሸሸው ወደዚያ ነው፤ የባሰ ጥፋት። ጽሑፍ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት፣ የገጹን ቋንቋም በኮዱ አማርኛ በሉት። አብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች የግዕዝ ፎንት አብሯቸው ስለሚመጣ ከባድ ፎንት ባታስጭኑ ይሻላል።

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር» ወይስ «ባህር ዳር» ብለን እንጻፍ?

መልስ፦ ለኮምፒውተር ሁለቱ ፊደላት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። እንግዶቻችሁ የሚጽፉትን በርዕሱ፣ ሌላውን በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ አስገቡ። በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም ደብቆ መደርደር ግን የጎግልን ደንብ ይጥሳል፤ ገጹንም ሊያስቀጣ ይችላል።