«መስመሩን ሳታቋርጥ ፓናሉን ክፈት» የተባለ ሠራተኛ እምቢ ማለት ይችላል?

ጥያቄ፦ «በድሬዳዋ መልካ ጀብዱ አካባቢ በሚገኝ አንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ በጥገና ኤሌክትሪሽያንነት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ማሽን ሲቆም የፈረቃ ኃላፊው ‹ምርት ይበላሻል› እያለ፣ ኃይል ሳይቋረጥ ፓናል (የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሳጥን) ከፍቼ ብልሽቱን እንድፈልግ፣ አንዳንዴም ኮንታክተር (ለማሽኑ ኃይል የሚሰጥና የሚያቋርጥ መሣሪያ) እንድቀይር በቃል ያዝዘኛል። የፓናሉ በር ላይ ግን ‹ኃይል ሳይቋረጥ መክፈት ክልክል ነው› የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። የጎማ ጓንቴ ጣቱ ላይ ተቀዶ ቴፕ ጠምጥሜበታለሁ። ባለፈው ወር አብሮኝ የሚሠራ ልጅ በብልጭታ እጁ ተቃጥሎ ሁለት ሳምንት ከሥራ ቀረ። አሁን ደግሞ ‹ለደህንነቴ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ› የሚል ወረቀት እንድንፈርም ተሰጥቶናል። እምቢ ብል ልባረር እችላለሁ? ብጎዳስ ‹ባለሙያ ነህ፣ ማወቅ ነበረብህ› ተብዬ መብቴን አጣለሁ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ከጓንቱም ከወረቀቱም በላይ ያሳሰበኝ በፓናሉ በር ላይ ያለው ማስታወቂያ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 96 እንደሚደነግገው፣ ሠራተኛው በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት አሠሪው ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። ስለዚህ «ባለሙያ ነህ፣ ማወቅ ነበረብህ» የሚለው ንግግር ብቻውን መብትዎን አያሳጣዎትም፤ ሠራተኛው ቸኩሎ ወይም ዘንግቶ መሳሳቱም አሠሪውን ነፃ አያወጣውም። ነገር ግን ይኸው አንቀጽ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ከአሠሪው ኃላፊነት ያወጣዋል፤ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስም ሆን ተብሎ እንደተደረገ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ነው የእርስዎ አደጋ ያለው። በጽሑፍ ያለው «ክልክል ነው» የሚለው ሲሆን «ክፈት» የሚለው ትእዛዝ በቃል ብቻ ነው። ጉዳት ቢደርስብዎትና ጉዳዩ ችሎት ፊት ቢቀርብ፣ ፋብሪካው የማስታወቂያውን ፎቶግራፍ ያቀርባል፤ በሌሊት ፈረቃ የተነገረዎትን ቃል ግን የሚያቀርብልዎት ሰው ላይኖር ይችላል።

በእርግጥ የሚከራከሩበት ጠንካራ ነጥብ አለ። አሠሪው በየቀኑ በራሱ ኃላፊዎች በኩል የሚያስጥሰው ማስታወቂያ በሥራ ላይ ያለ የደህንነት መመሪያ ሊባል አይገባም፤ በአለቃው ታዝዞ የሠራም ሰው ሆን ብሎ ራሱን ጎዳ ሊባል አይችልም ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ይህ ክርክር የሚቆመው በማስረጃ ነው። ከዓመታት በፊት ተመሳሳይ ጉዳይ ይዤ ነበር፤ አደጋው በደረሰ ማግስት በዚያ ሥራ ቦታ የእያንዳንዱ ሠራተኛ እጅ ላይ አዲስ ጓንት ታየ፤ አሮጌዎቹ ተሰብስበው ተጥለው ነበር፤ ከአደጋው በፊት የተነሳ አንድም ፎቶ አልነበረንም። ስለዚህ ያንን ቴፕ የተጠመጠመበትን ጓንት ዛሬውኑ፣ ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ ያንሱት፤ አዲስ እንዲሰጥዎትም በጽሑፍ ይጠይቁ። የአዋጁ አንቀጽ 92 የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብንና አጠቃቀሙን ማስተማርን የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፦ በድሬዳዋ ሙቀት ጓንት ውስጥ እጅ ስለሚያልብ ብዙ ባለሙያዎች ሲያወልቁት አይቻለሁ። ላብ የነካው ቆዳ ከረንትን ይበልጥ የሚያስተላልፍ ከመሆኑም በላይ፣ የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ መጠቀም የሠራተኛው የራሱ ግዴታ ስለሆነ አዲሱን ጓንት ሲያገኙ እንዳያወልቁት አደራ እላለሁ።

ወደ እምቢታው ስንመጣ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያስከትል የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ደግሞ፣ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ከባድና የማይቀር አደጋ መኖሩን በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው የራቀ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት አላግባብ እንዳይጎዳ ጥበቃ ያደርግለታል፤ የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብም በአዋጁ አንቀጽ 26 መሠረት የሥራ ውልን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አይሆንም።

ያም ሆኖ እምቢ የሚሉበት መንገድ ከእምቢታው እኩል ዋጋ አለው። «አልሠራም» ብለው ከወጡ ነገሩ ትእዛዝ አለመቀበል ተብሎ ይጻፍብዎታል። በሥራ ቦታዎ ላይ እንዳሉ «ብሬከሩ (የኃይል ማቋረጫው) ይውረድና ይቆለፍ፣ ወዲያውኑ እጀምራለሁ» ይበሉ። ኃላፊው አሁንም ሳይቋረጥ እንዲሠሩ ከፈለገ ትእዛዙን በጽሑፍ እንዲሰጥዎት በትሕትና ይጠይቁት። ካልሰጠዎት ሰዓቱን፣ የማሽኑን መለያና የተነገረዎትን ቃል መዝግበው፣ በማግስቱ በሁለት ቅጂ ማመልከቻ ጽፈው አንዱን ለአስተዳደሩ ያስገቡ፤ በሌላው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ያስደርጉ። አንቀጽ 93 ሠራተኛው ሊያስወግደው የማይችለውን አደጋ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያስገድደዋልና፣ ይህን ማመልከቻ ሲያስገቡ ግዴታዎን እየተወጡ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ለማኅበሩም ግልባጭ ያድርጉ።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ልዩነት ማስቀመጥ አለብኝ። ኃይል ካልተለቀቀ የማይታይ ብልሽት መኖሩን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል፤ የሠለጠነ ባለሙያ በሙሉ መከላከያ፣ አጠገቡ ኃይል ሊያጠፋለት የሚችል ሰው ቆሞ፣ በመልቲሜትር ቢለካ ሕጉ ይህን በጭፍን አይከለክልም። ኮንታክተር መፍታትና ማሰር ግን ከመለካት የተለየ ነው፤ ለዚህ ኃይል ከማቋረጥ የሚያግድ ቴክኒካዊ ምክንያት የለም፤ ደብዳቤዎ የሚጠቅሰው ምክንያትም ምርት እንዳይቆም የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ በማመልከቻዎ ውስጥ የሚቃወሙት ኃይል ባለበት መስመር ላይ የሚደረገውን የዕቃ ለውጥ መሆኑን ለይተው ይጻፉ፤ ያኔ «ጭራሽ መሥራት አይፈልግም» የሚለው ክስ መያዣ ያጣል።

«ብሬከር አውርድ» ማለት ብቻውንም የአሠሪውን ግዴታ አይጨርስም። በሦስት ፌዝ 380 ቮልት የሚሠራ ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) በካፓሲተሮቹ፣ ማለትም ኃይል በሚያጠራቅሙ ክፍሎቹ፣ ከ500 ቮልት በላይ ስለሚይዝ፣ ብሬከሩ ከወረደ በኋላም አደገኛ ኃይል ለደቂቃዎች ሊቆይበት ይችላል፤ የመቆጣጠሪያው መስመርም ከሌላ ቦታ የሚመጣ 220 ቮልት ሊኖረው ይችላል። ምን ያህል ደቂቃ መጠበቅ እንደሚገባ ብዙውን ጊዜ በኢንቨርተሩ ክዳን ላይ ይጻፋል፤ ጽሑፉ ሠራተኛው በማያነበው ቋንቋ ከሆነ ግን እንዳልተጻፈ ይቆጠራል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም አንቀጽ 92 አሠሪው አደጋውን ለሠራተኛው በሚገባ እንዲያስረዳ ያዝዛል። ብሬከሩ የሚቆለፍበት ቁልፍ፣ ቁልፉም በሚሠራው ሰው ኪስ እንዲሆን የሚያደርግ አሠራር፣ እንዲሁም ኃይል ባለበት መስመር ላይ አስቀድሞ የተሞከረ፣ ከልኬቱም በኋላ ዳግም የሚሞከር ቴስተር እንዲኖር በማመልከቻዎ ውስጥ በዝርዝር ይጠይቁ።

የተቃጠለው የሥራ ባልደረባዎ ጉዳይ እንዲሁ መታለፍ የለበትም። የሕክምናው ወጪ በአሠሪው የሚሸፈን ነው፤ ከሥራ በቀረባቸው ሁለት ሳምንታትም ሙሉ ደመወዙን ማግኘት ነበረበት። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክፍያ ሙሉ ደመወዝ፣ የቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ደግሞ ከግማሽ ያላነሰ ነው። አሠሪው አደጋውን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የማሳወቅ ግዴታም አለበት። አለማሳወቁን ካወቃችሁ በከተማው አስተዳደር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄዳችሁ አመልክቱ፤ ተቆጣጣሪው ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ የመመርመር ሥልጣን አለው። አደጋው በአሠሪው ጥፋት የደረሰ መሆኑ ከተረጋገጠ ባልደረባዎ ከአዋጁ ክፍያ በተጨማሪ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ካሣ የመጠየቅ መብት አለው።

ስለ አደጋው አስቀድሞ ተነግሮት አሠሪው ካላስወገደው፣ ሠራተኛው የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሥራውን መልቀቅ እንዲችል አንቀጽ 32 ይፈቅዳል፤ መብቱም በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ሥራ ላይ ካልዋለ ይቀራል። ማመልከቻዎ ሳይገባ ግን ይህን መንገድ እንዲይዙ አልመክርም። አላግባብ ከተባረሩ ወደ ሥራ የመመለስ ክስ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

ወረቀቱን አይፈርሙ። የሥራ ውል ሠራተኛው በሕግ ካገኘው መብት ያነሰ ነገር ሊያስቀምጥ እንደማይችል አንቀጽ 4 ስለሚደነግግ፣ ቢፈረምም የፋብሪካውን ኃላፊነት ወደ እርስዎ አያዞርም። ከዚህ በፊት የፈረሙ ባልደረቦችዎም መብታቸውን አላጡም፤ ነገር ግን የወረቀቱን ቅጂ ይጠይቁ፤ ቅጂ ከተከለከሉ ያቀረበላቸውን ሰው ስምና ቀኑን ጽፈው ከማመልከቻው ጋር ያያይዙት።