ሎገንና የሞጣው ደንበኛዬ

ከፍኖተ ሰላም አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። ደም የበዛበት ረጅም ፋንታሲ፣ አስማትና ሰይፍ ያለበት ልብ ወለድ፣ እየጻፈች ነው። ሁለቱ ቅጾች አልቀዋል፤ ሦስተኛው ላይ ተይዛለች። «ጋሼ፣ ጀግናዬ ብዙ ሰው ገድሏል። በመጨረሻ ይዳን ወይስ ይሙት?» ትላለች። እኔ ዕድሜዬን በጥብቅና የጨረስኩ ሰው ነኝ እንጂ ደራሲ አይደለሁም። ግን ጥያቄዋ የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ። መልሱን ለእሷ ልጻፈው፤ ሌሎቻችሁም አንብቡት።

ልጄ፣ የእንግሊዛዊውን የፋንታሲ ደራሲ የጆ አበርክሮምቢን «የመጀመሪያው ሕግ» ሦስተኛ ቅጽ አንብበሽው ይሆናል። «የነገሥታት የመጨረሻ ክርክር» ነው ርዕሱ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ። የእህቴ ልጅ ቤቴ ጥሎት ሄዶ ነው ያነሳሁት። ርዕሱ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ መድፎቹ ላይ በላቲን ያስቀርጸው የነበረ ቃል ነው። ንጉሥ ነገር ሲያልቅበት መድፉ ይከራከርለታል። ችሎት ላይ የኖረ ሰው ይህን አይቶ አያልፍም።

እዚያ ውስጥ ሎገን የሚባል ተዋጊ አለ። ሌላ ሰው መሆን ይፈልጋል። ግን ቁጣው ሲነሳበት ወዳጅ ከጠላት አይለይም፤ የገዛ ጓደኛውን ሳይቀር ይገድላል። ወደ አገሩ ወደ ሰሜን ሲመለስ የሚቀበለው «ደማሙ ዘጠኝ» የሚለው የድሮ የገዳይነት ስሙ ነው። የሚፈራውም የሚያደንቀውም በዚያው ስም ነው የሚጠራው። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን አስቀመጥኩት። ሞጣ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ጀማሪ ጠበቃ ነበርኩ። ደንበኛዬ በወሰን ጠብ ሰው ገድሎ፣ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። ደሙ ደርቋል። ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገኖች ፊት ወድቋል፤ ካሳው ተከፍሏል፤ ሽማግሌውም ቄሱም ባሉበት ታርቋል። ጠመንጃውን ሸጦ ቀፎ ሰቀለ። ማሩን ገበያ ሲያወጣ እገዛው ነበር። ማር ነበር እሱ፤ የዛሬውን ስኳር አታንሱብኝ።

ጥር ላይ ጎረቤቱ ልጁን ዳረ። እኔም ተጠርቼ ነበር። ጠላው ሲሞቅ ጎረምሶቹ ቀረርቶ ጀመሩ። አንዱ ጠመንጃ አምጥቶ ሊያስይዘው ታገለ። «ፎክር እንጂ፣ አንተ ገዳይ!» ሰውዬው እጁን ከጋቢው አላወጣም። «ተዉኝ፣ እኔ ታርቄያለሁ» አለ። ሳቁበት። ይሄኔ ገና ጢም ያላበቀለ የደንበኛዬ ልጅ ብድግ አለ። ጠመንጃውን ተቀብሎ በአባቱ ስም ፎከረ፤ የሟቹን ስም ጠርቶ። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። የሟች ወንድም እዚያው ነበር። ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ።

በማግስቱ ደንበኛዬ ቢሮዬ መጣ። «ጌታው፣ እነዚያን ዝም የሚያሰኝልኝ ሕግ የለም?» አለኝ። ሕጉን አገላበጥኩ። ዛቻ ያስቀጣል። «አሞገሱኝ» ብሎ የሚከሰስበት ግን አላገኘሁለትም። ቀፎውን ለሚስቱ ትቶ ወደ መተማ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ልጁን ግን ከዓመታት በኋላ አገኘሁት። በግድያ ተከሶ። ጠበቃው እኔ ነበርኩ።

እና ልጄ፣ ይዳን ይሙት የሚለው ብዙም አያስጨንቅሽ። ያስፎከሩትን ጻፊያቸው። አበርክሮምቢ ዘንድ ባያዝ የሚባል አስማተኛ አለ፤ ንጉሥ እሱ ያነግሣል፣ ከተማ በእሱ ጦስ ይፈርሳል፣ እሱ ግን ደህና ነው። ሎገን በመጀመሪያው ቅጽ መግቢያ ከገደል ይወድቃል፤ በመጨረሻው መዝጊያ ደግሞ በመስኮት ዘልሎ ይወድቃል። የሚወድቀው ሁሌ እሱ ነው።

የዛሬ ልጆች ደም ስትጽፉ ፊልም የምትሠሩ ይመስላችኋል። አንገት ሲቀላ ሦስት ገጽ፣ ቀብሩ አንድ መስመር! ለቅሶ ቤት ውላችሁ አታውቁም እንዴ? እኔም ብሆን ሎገን ከግዙፉ ተዋጊ ከፌንሪስ ጋር የገጠመበትን ምዕራፍ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፤ መካድ አይቻልም።

አሳዛኝ ፍጻሜም አትፍሪ። የእኛው ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ማን ቀረ? በዛብህም፣ ሰብለም፣ ጉዱ ካሳም አፈር ገቡ። ሰው ግን ዛሬም ያነባቸዋል። ቢሆንም እኔ ብሆን ያንቺን ሰው አልገድለውም ነበር። ከላይ ካልኩት ጋር ይጋጫል? ይጋጭ። የሞጣው ሰው መተማ ላይ አርጅቶ ይኖራል ብዬ ማሰብ ስለምወድ ይሆናል።

ረቂቁን በወረቀት አትመሽ ላኪልኝ፤ ዓይኔ ስልክ አይችልም። መስመሩን ሰፋ አድርጊው፤ ዳር ዳሩን የምጽፍበት ቦታም ተዪልኝ።