የሰፈር መናፈሻ በመዋጮ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ሀዋሳ፣ እኛ ሰፈር ውስጥ ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ ክፍት ቦታ ነበር። በመዋጮና በራሳችን ጉልበት መናፈሻ አድርገነዋል። እኔ የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ነኝ። ሌሎች ሰፈሮችም ተነሳስተው ስላየሁ «የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» አልኩ። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

«ጋሼ፣ ብሩን ከየት እንጀምር? ስፖንሰር እንፈልግ?» (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

ከብር አትጀምሩ፤ ከቦታው ጀምሩ። የከተማ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ሰፈርተኛው ስላጸዳው የሰፈሩ አይሆንም። ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ለምን እንደተያዘ ጠይቁ። አረንጓዴ ቦታ ከሆነ እሰየው። ለመንገድ ወይም ለሌላ ነገር ከተያዘ አንድ ብር እንኳ አትሰብስቡ።

«ቀጥሉ፣ ችግር የለውም» የሚል የቃል ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ኃላፊ ይቀየራል። ማህተም ያለው ደብዳቤ ይዛችሁ ውጡ። በቃል ብቻ ተጀምሮ፣ ችግኙ ወገብ ከደረሰ በኋላ ቦታው ለሌላ የተሰጠበት ሰፈር አውቃለሁ። እዚያ ዛሬ ለመዋጮ ብታንኳኩ በር የሚከፍትላችሁ የለም።

«እሺ ቦታው ተገኘ እንበል። ብሩስ?»

እድር! መሰብሰቢያ ቀን አለው፣ መዝገብ አለው፣ ያልከፈለ ይቀጣል፣ ገንዘብ ያዡን ሁሉም ያውቀዋል። አዲስ ኮሚቴ ይህን እምነት ከባዶ ልገንባ ቢል ዓመታት ይፈጅበታል። በጠቅላላ ጉባኤ አስወስኑና በወርሃዊው ክፍያ ላይ ትንሽ ጨምሩ። መዝገቡና ሂሳቡ ግን ለየብቻ ይሁን። የቀብር ብር አይነካም። አንዴ ከተነካ እድሩም መናፈሻውም አብረው ይፈርሳሉ።

ትልልቅ ሰጪዎችን አልጠላም። ግንቦት 2011 ላይ አዲስ አበባን ለማስዋብ «ገበታ ለሸገር» የተባለው የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ሲዘጋጅ አንድ ሰው የሚታደመው 5 ሚሊዮን ብር ከፍሎ ነበር። ለዋና ከተማ ፕሮጀክት ያስኬዳል። ለሰፈር ግን አንድ ሀብታም ሁሉን ከከፈለ ሌላው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ነገ ዥዋዥዌ ሲሰበርም «ያሠራው ሰው ይጠግነው» ይላል። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣ ሰው ግን ቅርንጫፍ የሚሰብር ልጅ ካየ የማንም ልጅ ቢሆን ይቆጣል።

ለአንድ ቀን ገቢ ደግሞ የዳቦ ጨረታን የሚያህል አላየሁም። እናቶች አንድ ድፎ ዳቦ ይጋግራሉ። ጨረታ ይወጣል፣ አንዱ ያሸንፋል፣ ከፍሎ «መልሼ ለጨረታ ሰጥቻለሁ» ይላል። እልልታ! እንደገና ይወጣል። ዳቦው እስኪቆረስ ድረስ ስንቴ እንደተሸጠ ማን ቆጥሮት።

«ለጊዜው በእኔ ቴሌብር ቢሰበሰብስ?»

አይሆንም፤ የቱንም ያህል ታማኝ ብትሆን። ሦስት ፈራሚ ያለው የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። ባንኩ ቃለ ጉባኤና ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ ይጠይቃችኋል፣ ቀድማችሁ አዘጋጁ። በእጅ ለሚሰጥ ሁሉ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ከነቀሪው። ወር ሲያልቅ ገቢና ወጪውን በወረቀት ጽፋችሁ የእድሩ ቤት በር ላይ ለጥፉ። ሰው ስለ ሲሚንቶው ብዙ አይጠይቅም። ስለ ሻዩ ወጪ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ሻዩንም ጻፉት።

«ውጭ ያሉ ልጆቻችን ጎፈንድሚ እንክፈት እያሉን ነው።»

ጎፈንድሚ በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ ነው፤ ገንዘቡን ግን በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ አያስገባም። እዚያ የሚኖር ሰው በስሙ ሰብስቦ ነው የሚልከው። ስለዚህ ሰውየውን ምረጡ። ደግሞ «ለመናፈሻ እርዱን» አትበሏቸው። «የአንድ አግዳሚ ወንበር ዋጋ ይህን ያህል ነው፣ ማን ይቻለዋል?» በሏቸው። ወንበሩ ሲተከል ፎቶውን ላኩላቸው።

«ሰው መዋጮ ሰልችቶታል። ምን ልበለው?» (ከሐይቅ ዳር)

እውነቱን ነው፣ ሰልችቶታል። አትከራከሩት። መጀመሪያ ያለ ምንም ብር ደቦ ጥሩና ቦታውን አጽዱ። ያን ያየ ሰው ሳይጠየቅ ይመጣል። ካልመጣም ተዉት፤ ስሙን ለጥፎ ማሳፈር ጠብ ያተርፋል እንጂ ብር አያመጣም።

«ደቦ ጠርተን ሰው መጣ፣ ግን ቆሞ ሲያወራ ዋለ።»

50 ሰው ከ5 አካፋ ጋር ብትጠሩ ሌላ ምን ያድርግ? በዋዜማው አካፋ፣ ዶማና ካሪዮላ ከየቤቱ አሰባስቡ፤ ዕቃው ላይ የባለቤቱን ስም ጻፉበት፣ አለበለዚያ ማታ ጭቅጭቅ ነው። ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርጉ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አለቃ ስጡ።

ቀኑም ጣጣ አለው። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ ቀትር መስጊድ፣ ቅዳሜ ደግሞ አድቬንቲስት ጎረቤት ይኖራችኋል። እኛ እሁድ ከ9 ሰዓት በኋላ አደረግነው፣ ፀሐዩም በረድ ይላል። ሴቶቹን ቡና አፍሉ ብላችሁ ብቻ አትጥሯቸው፤ ኮሚቴ ውስጥ አስገቧቸው። በዚያ ቦታ ከልጆቹ ጋር ውሎ የሚያመሸው ማን ሆነና?

«የልጆች መጫወቻውን ብየዳ ቤት ብናሠራው ደህና ነው?» (አንዲት እናት)

ደህና ነው እህቴ፣ ልኬቱን ግን አንቺ ይዘሽ ሂጂ። በያጁ ብረት ያውቃል፤ የልጅ ጭንቅላት የት እንደሚገባ ላያስብ ይችላል። በብረቶቹ መካከል ከ9 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክፍተት አይኑር። ሰውነቱ አልፎ ጭንቅላቱ የሚያዘው በዚህ መሃል ነው። ወይ ጠበብ፣ ወይ ሰፋ ይበል።

ዥዋዥዌው የተንጠለጠለበት ከፍታ 2 ሜትር ተኩል ከሆነ ከፊትም ከኋላም 5 ሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ የከፍታው እጥፍ ማለት ነው። ከሥሩ ኮብልስቶን ወይም ሲሚንቶ እንዳታስነጥፊ። ያምራል፣ ግን ጭንቅላት ይፈነክታል። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ይፍሰስበት። ልጆቹ በእግራቸው ስለሚገፉት በየጊዜው መልሶ መሙላት ያስፈልጋል። የላሜራ ሸርተቴ ደግሞ ቀትር ላይ ምጣድ ነው። እኛ ጋ ፀሐይዋ ከአናት ስለምትወርድ አቅጣጫ መምረጥ ብዙ አያድንም፤ ዛፍ ሥር ይተከል።

«ምን ዛፍ እንትከል?»

ዋንዛ ቶሎ ያድጋል፣ ጥላውም ግሩም ነው። ግራር ሀገሩ ነው፣ በእሾሁ ምክንያት ግን ከመጫወቻው ራቅ አድርጉት። ሾላና ዋርካ ሰፊ ቦታ ካላችሁ ብቻ፤ ሥሮቻቸው ቱቦም አጥርም አይምሩም። ባሕር ዛፍ ይቅርባችሁ። ማንጎና ዘይቱን ከተከላችሁ ደግሞ ለጦጣ መሆኑን እወቁ። ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል መናፈሻ፣ ጦጣ መሃል ምሳ በልቶ የሚያውቅ ይገባዋል።

ወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ቅርባችን ነው። ከዚያ አንድ ባለሙያ ለምናችሁ አፈሩን አሳዩት። ችግኝ በአረንጓዴ አሻራ ሰሞን ከችግኝ ጣቢያ ይገኛል። ዋናው ነገር ሐምሌ ላይ መትከሉ አይደለም፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ማን ውሃ ያጠጣል የሚለው ነው። እያንዳንዱን ችግኝ ለአንድ ቤት አስረክቡ።

«ከሁሉም በላይ ያስቸገራችሁ ምንድን ነው?»

የጥበቃው ደመወዝ። ለምርቃቱ ሁሉም ያዋጣል። ድንኳን፣ ሙዚቃ፣ ሪባን... ለዘበኛ ወርሃዊ ደመወዝ ግን ማንም ሪባን አይቆርጥም። ስለዚህ አጥብቄ የምመክረው፣ የመጀመሪያው ወንበር ከመገዛቱ በፊት የጥበቃና የአትክልተኛ የአንድ ዓመት ደመወዝ ባንክ ይግባ። ከዚያ በኋላ መናፈሻው ራሱ ይርዳ። አንድ የጀበና ቡና ቦታ አከራዩ፤ ለሰፈሩ ሥራ አጥ ወጣት ወይም እናት ቅድሚያ ይሰጥ። የሙሽራ ፎቶ የሚያነሱም ይክፈሉ። በአበባችሁ መሃል አንድ ሰዓት ቆመው በነፃ ሊሄዱ አይገባም።

«መግቢያ እናስከፍል?»

ኧረ በፍጹም። ልጆች ተመልሰው መንገድ ላይ ኳስ ሊጫወቱ ነው።

«መጸዳጃ ቤት የግድ ነው?»

የግድ ነው። ሐይቁ አጠገብ ከሆናችሁ ግን ጉድጓድ ትንሽ ሲቆፈር ውሃ ያወጣልና ባለሙያ ሳያይ አትጀምሩ። የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው። ላስቲክም እንደዚያው፣ ስለዚህ የቆሻሻ ማጠራቀሚያችሁ ክዳን ይኑረው።

«ስሙን በማን እንሰይመው?»

በሰፈሩ ስም። ብዙ ከሰጠው ሰው ስም ከሆነ በዓመቱ ሌላ የሚሰጥ አታገኙም። እኛ ጋ ይህ ሐሳብ ተነስቶ ሁለት ስብሰባ በልቶ ነበር። በመጨረሻ አንድ አዛውንት «መጀመሪያ አጥሩን እንጨርስ!» ብለው ገላገሉን። አጥሩ አልቋል፣ ስሙም የሰፈሩ ስም እንደሆነ ቀርቷል።