የእንግሊዝኛው «ፖንደር» ማሰብ ከሆነ «ቲንክ» ባለበት ሁሉ ለምን አይገባም?

እህቴ፣ «አይ ፖንደር ዛት ዩ አር ራይት» ብለሽ ጽፈሽ መምህሩ በቀይ ያሰመረበት ትርጉሙን ስለሳትሽ አይደለም። መዝገበ ቃላቱ ፖንደርን «አሰበ፣ አሰላሰለ» ብሎ መፍታቱም ልክ ነው። ጣጣው ያለው «አሰበ» የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ ደርቦ መያዙ ላይ ነው፤ የእንግሊዝኛው ቲንክም እንደዚሁ። አንደኛው አስተያየት መስጠት ነው፦ «ትክክል ነህ ብዬ አስባለሁ»። ሁለተኛው ጭንቅላት ውስጥ የሚካሄደው ልፋት ነው፦ «ስለ ነገሩ እያሰብኩ ነው»። ፖንደር የሚችለው ሁለተኛውን ብቻ ነው። በአማርኛ ሞክሪው እስቲ፤ «ትክክል ነህ ብዬ አሰላስላለሁ» ይባላል? ጆሮ ይቆረቁራል። መምህሩንም የቆረቆረው ይኸው ነው።

ቃሉ የመጣው ክብደት ከሚለው የላቲን ቃል ከ«ፖንዱስ» ነው፤ «ፖንደራሬ» መመዘን ማለት ነው። የክብደት መለኪያው ፓውንድም የዚሁ ሥር ዘር ነው። እኛም «ነገሩን መዝኜ»፣ «አመዛዝኜ» ስለምንል ምስሉ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ከ«ማሰብ» ይልቅ «መመዘን»ን ይዞ መነሳት ከብዙ ስህተት ያድናል። ፖንደር ሲባል ነገሩ ገና ሚዛን ላይ ነው። ሚዛኑ ከደፋ በኋላ ያለው ፖንደር መሆኑ ይቀርና ዲሳይድ ወይም ኮንክሉድ ይሆናል። «ዛት» ደግሞ የተጨረሰ ሐሳብ ይዞ ስለሚመጣ ከፖንደር ጋር አይስማማም።

በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማርያም እረኞቹ ያሉትን ከሰማች በኋላ ያደረገችውን የሚገልጸው በዚህ ግሥ ነው፤ በእኛው ሉቃስ 2፥19 ላይ «በልብዋ እያሰበች ትጠብቀው ነበር» ተብሏል። ልብ በይ፣ ምን ላይ እንደ ደረሰች አይነገርም። ነገሩን በልቧ ይዛ ማቆየቷ ነው የተነገረው።

ከግሡ ቀጥሎ ምን ይግባ? ቀላሉ ስም ነው፦ «ሺ ፖንደርድ ዘ ክዌስችን»። መስተዋድድ አያስፈልገውም። «ኦቨር»፣ «ኦን» ወይም «አባውት» ቢጨመርም አያስቀጣም፤ «ኦቨር» ረዘም ያለ ጊዜ እንደ ወሰደ ይጠቁማል። ሁለተኛው የጥያቄ ቃል ነው፦ ዌዘር፣ ሃው፣ ዋይ፣ ዋት። የእኛ ሰው በብዛት የሚወድቀው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። «ልሄድ እያሰብኩ ነው» የሚለውን ይዞ «አይ አም ፖንደሪንግ ቱ ሊቭ» ይላል። ይህ አይሆንም፤ ፖንደር «ቱ» እና ግሥን በቀጥታ አያስከትልም። መጀመሪያ በአማርኛው ምን ማለትሽ እንደሆነ ለዪው። «ልሄድ አስቤያለሁ» ዕቅድ ነው፤ «አይ ፕላን ቱ ሊቭ» በይ። «ብሄድስ እያልኩ ነው» ከሆነ «አይ አም ቲንኪንግ ኦቭ ሊቪንግ»። «ልሂድ ወይስ ልቅር እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ነው» ከሆነ ግን የፖንደር ቦታ ደረሰ፦ «አይ አም ፖንደሪንግ ዌዘር ቱ ጎ ኦር ስቴይ»። ስትጠራጠሪ በአማርኛው ውስጥ «ወይስ» ወይም «እንዴት» መኖሩን ፈልጊ፤ ከሌለ፣ የሚመዘን ስም ብቻውን መቆም አለበት።

አጻጻፉ ብዙ አያስቸግርም፤ ያለፈው ጊዜ በ«ኢዲ» ያልቃል፣ የመጨረሻው «አር» ፊደልም አይደገምም። ፕሪፈር ላይ «አር» የሚደገመው ድምፁ የሚጠብቀው መጨረሻው ላይ ስለሆነ ነው፤ ፖንደር ላይ ግን የሚጠብቀው መነሻው፣ «ፖን» የሚለው ነው። አነባበቡ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አሜሪካኖች ፖን የሚለውን ወደ «ፓን» አስጠግተው ያነቡታል። ባንክ በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ባለው አናባቢ ካነበብሽው ግን ሌላ ግሥ ሆኖ ይወጣል፤ እሱ ለሰው ፍላጎት ማጎብደድ ነው፣ መራጭን ለማስደሰት ብሎ የማያምንበትን እንደሚናገር ፖለቲከኛ። በፊደላችን ሁለቱም «ፓንደር» ተብለው ስለሚጻፉ በጆሮ ለዩአቸው።

ሌላው ወግ ነው። ፖንደር የመጽሐፍ ጠረን ያለው ቃል ነው። አለቃሽ በኢሜይል ሐሳብ አቅርቦልሽ «አይ ዊል ፖንደር ኢት» ብትመልሺ ወይ ቀልድ ወይ ኩራት ይመስላል፤ «አይ ዊል ቲንክ ኢት ኦቨር» ይበቃል። የትኛውን ካልሲ ላድርግ ለሚለውም ለማሳቅ ካልሆነ አይነሳም።

በቦታው ዘመዶቹን፣ ማለትም ተቀራራቢ ትርጉም ያላቸውን ቃላት፣ ስትተኪ ደግሞ ጥንቃቄ አድርጊ፤ የፈተና ድርሰት ላይ ቃል ላለመድገም ሲባል ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ኮንተምፕሌት ተመስጦ ማየትም ማሰብም ነው፤ ግሥ ሲከተለው በ«አይኤንጂ» ያልቃል። ሰው ከባድ እርምጃ ሲያስብም ያገለግላል፣ ትዳር ማፍረስን የመሰለ። መል (ማውጣት ማውረድ) በንግግር «ኦቨር»ን ይፈልጋል፣ «ኢት» ካለም መሐላቸው ይገባል፦ «መል ኢት ኦቨር»። የጋዜጣ ርእሶች ግን «ኦቨር»ን ይጥሉታል፤ ይህን አይተሽ አትደናገሪ። ዴሊበሬት አንድ ሰው ብቻውን ሊያደርገው ቢችልም የሚገነው የዳኞች ወይም የኮሚቴ ምክክር ላይ ነው፤ መጨረሻው «ሬት» ሳይባል «ሪት» ከተባለ ደግሞ ቅጽል ሆኖ «ሆን ተብሎ የተደረገ» ማለት ይሆናል።

በጣም የምፈራው ሩሚኔትን ነው። መዝገበ ቃላት «አሰላሰለ» ብሎ ስለሚፈታው የፖንደር መንታ ይመስላል። ሥሩ ማመስኳት ነው፤ ላም የዋጠችውን መልሳ ስታኝክ የሚባለው፣ ኦሪት ዘሌዋውያን 11 ላይ «የሚያመሰኳ» እየተባለ የሚደጋገመው። በመጽሐፍ ቋንቋ ጥሩ ትርጉም ሊይዝ ይችላል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ግን አንድን ክፉ ሐሳብ ደጋግሞ ማላመጥን ይሉታል፤ ከድባቴ ጋር አያይዘውም ያነሱታል። አማርኛው «መብሰልሰል» ነው። ስለዚህ ለሥራ በምታስገቢው ማመልከቻ ላይ «ከመወሰኔ በፊት ሩሚኔት አደርጋለሁ» ብትዪ አስተዋይነትሽን ሳይሆን መብሰልሰልሽን መሰከርሽ።

ከፖንደር ጋር ከአንድ ሥር የመጣው ፖንደረስም እንዲሁ ያታልላል። «አሳቢ» ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ከባድ፣ ዝግ ያለ፣ አሰልቺ ነው። የአንድን ሰው ንግግር ፖንደረስ ማለት ስድብ ነው። ማመስገን ከፈለግሽ ቶትፉል በይ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከኢሚግሬሽን በሚመጣ ደብዳቤ ላይ «ፕሪፖንደረንስ ኦቭ ዚ ኤቪደንስ» የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ። ሚዛኑ ያው ነው፤ ማስረጃው ከግማሽ ትንሽ በልጦ ወደ እናንተ ከደፋ በቂ ነው ማለት ነው። በወንጀል ክስ ከሚጠየቀው «ከጥርጣሬ በላይ» ከሚለው መለኪያ በጣም ይቀላል።

ያንቺ ዓረፍተ ነገር በሁለት መንገድ ይቃናል። መስማማትሽን ብቻ ለመናገር «አይ ቲንክ ዩ አር ራይት»። ፖንደር ካልገባ ሞቼ እገኛለሁ ካልሽ ደግሞ የተመዘነውንና የደፋውን ለየብቻ አስቀምጪ፦ «አይ ፖንደርድ ዋት ዩ ሴድ፣ ኤንድ አይ ቲንክ ዩ አር ራይት»።